የጥቁር ስንዴያችን ወዳጅ፦ የኒኮላይ ቫቪሎቭ ሕይወትና ሥራ

አዘጋጅ፦ ከአስኮ አካባቢ የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ

እንደሚታወቀው በዩኒየን የምሥረታ በዓል መሥራቾችን፣ የደከሙትንና ያለፉትን ማስታወስ የተለመደ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናስታውሳቸው ሰው የአገራችን ተወላጅ አይደሉም። ሆኖም ከዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በፊት በበቅሎ ተጉዘው የአባቶቻችንን ማሳ ያዩ፣ ከጎተራችን እፍኝ እፍኝ ዘር የወሰዱና የዘራችንን ዋጋ ለዓለም ያስረዱ ምሁር ናቸው። እኒህ ሰው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ናቸው።

ታሪካቸውን ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ ጉዳይ አለ። በየሠርቶ ማሳያውና በየስብሰባው አርሶ አደሮች ስለ ልውጥ ዘር፣ ስለ ሐምራዊ ቲማቲምና ስለ ጥቁር እህል ይጠይቃሉ። ቀለም ከአንድ ተክል ወደ ሌላ ተክል ይዛወራል ይባላልና እንዴት ነው የሚሆነው? ለእኛስ ምን ያመጣል? የሚሉ ጥያቄዎች ናቸው። የቫቪሎቭ ሕይወት ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥሩ መልስ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

ልደትና ትምህርት

ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1887 በሞስኮ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከገጠር ገበሬ ቤተሰብ ወጥተው ሞስኮ በመግባት በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው ሰርጌይ ፊዚክስ ተምረው ኋላ የሶቪየት ኅብረት የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል። ኒኮላይ ግን ልባቸው ወደ እርሻ ስላዘነበለ በሞስኮ የግብርና ኢንስቲትዩት ገብተው ተማሩ። የመመረቂያ ጥናታቸውም አዝርዕት በሚያጠፉ የቀንድ አውጣ ዝርያዎች ላይ ነበር። ከዚያም ፊታቸውን ወደ እህል በሽታ መለሱ። አንዱ ስንዴ በዋግ ሲመታ ከጎኑ ያለው ሌላው ስንዴ ለምን ሳይነካ እንደሚቀር መመርመር የመጀመሪያ ትልቅ ሥራቸው ሆነ።

ይህ ጥያቄ ወደ ዘረመል ሳይንስ ወሰዳቸው። እ.ኤ.አ. በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው በለንደን አጠገብ በነበረው በጆን ኢንስ የአትክልት ምርምር ተቋም ከፕሮፌሰር ዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማሩ። የዘር ውርስ ሳይንስ ዛሬ በዓለም የሚታወቅበትን ስም ያወጡለት ቤትሰን ናቸው።

በአበባ ቀለም የተጀመረ ሳይንስ

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። የዘረመል ሳይንስ አባት የሚባሉት መነኩሴ ግሪጎር ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በአተር ላይ ምርምር ሲያደርጉ ከተመለከቷቸው ሰባት ባሕርያት አንዱ ቀለም ነበር። ሐምራዊ አበባ ያለውን አተር ነጭ አበባ ካለው ጋር ሲያዳቅሉ የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ሐምራዊ ሆነ። የዚያኑ ዘር እንደገና ሲዘሩ ከ929 ተክሎች 705ቱ ሐምራዊ፣ 224ቱ ነጭ አበባ አወጡ። ይህም ሦስት እጅ ለአንድ እጅ ማለት ነው። ነጩ ባሕርይ ጠፍቶ ሳይሆን ተደብቆ ቆይቶ እንደነበር ሜንዴል ከዚህ ተረዱ። ዘር ከልጓም ይስባል የሚለው የአባቶች አባባል በአተርም ላይ ሠርቷል ማለት ነው።

ቫቪሎቭ እንግሊዝ በደረሱበት ዘመን ሙርየል ዊልዴል የተባሉ ሴት ተመራማሪ ከቤትሰን ጋር አንቲሪነም የሚባለውን የአበባ ተክል ቀለም ውርስ ያጠኑ ነበር። እኒህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1916 ስለ ተክሎች ቀይ፣ ሐምራዊና ሰማያዊ ቀለም ሰፊ መጽሐፍ አሳትመዋል። ይህ ቀለም አንቶሲያኒን ይባላል። አንቶሲያኒን ፍላቮኖይድ ከሚባሉት የተክል ንጥረ ነገሮች ቤተሰብ አንዱ ነው። አንባቢ የዚህን አበባና የዚህን ተቋም ስም እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ። ወደ ጽሑፉ መጨረሻ እንመለስበታለን።

የዘመዳሞች ሕግ

ቫቪሎቭ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1916 ወደ ኢራንና ወደ ፓሚር ተራሮች ተጓዙ። በ1917 በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው ሳራቶቭ ከተማ መምህር ሆኑ። በዚያም ከተማ በ1920 ባደረጉት ንግግር ስማቸውን ያስጠራውን ግኝት አቀረቡ።

ግኝቱ ሲቃለል እንዲህ ነው። ዘመዳሞች የሆኑ ሰብሎች በተመሳሳይ መንገድ ይለያያሉ። በስንዴ ጢም ያለውና ጢም የሌለው ካለ በገብስም ይኖራል። በገብስ ነጭ፣ ጥቁርና ሐምራዊ ፍሬ ካለ በስንዴም መፈለግ ይገባል። አንድ ባሕርይ በአንዱ ታይቶ በዘመዱ ካልታየ የለም ማለት ሳይሆን ገና አልተገኘም ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ ሕግ ተመራማሪውን የት ሄዶ ምን እንደሚፈልግ ይመራዋል።

በ1921 ቫቪሎቭ ወደ ፔትሮግራድ ተዛውረው የተግባራዊ ዕፅዋት ምርምር ተቋም ኃላፊ ሆኑ። ወቅቱ በቮልጋ አካባቢ ብርቱ ረሃብ የገባበትና ሚሊዮኖች ያለቁበት ነበር። ረሃብን ለመከላከል ድርቅን፣ ብርድንና በሽታን የሚችል ዘር ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ባሕርይ ደግሞ በዓለም ገበሬዎች እጅ ተበታትኖ ይገኛል ብለው አመኑ። ስለዚህ ዘር ፍለጋ ወጡ። አፍጋኒስታንን፣ የሜዲትራኒያን አገሮችን፣ ቻይናን፣ ጃፓንን፣ ሜክሲኮንና ደቡብ አሜሪካን ያዳረሱ ሲሆን ተቋማቸው እስከ 1940 ድረስ ወደ 250 ሺህ የሚጠጋ የዘር ናሙና አከማችቷል። ይህ በዘመኑ በዓለም ትልቁ የዘር ጎተራ ነበር።

በ1919 ዓ.ም. በኢትዮጵያ

ቫቪሎቭ ወደ አገራችን የመጡት በ1919 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1927 መጀመሪያ) ነው። በዚያን ጊዜ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ ነበሩ፤ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ነበሩ። በኢትዮጵያና በሶቪየት ኅብረት መካከል የዲፕሎማሲ ግንኙነት ገና አልተመሠረተም። ቢሆንም ምሁሩ በጅቡቲ በኩል ገብተው አዲስ አበባ ደረሱ። ራስ ተፈሪም ተቀብለው አነጋግረዋቸዋል። ከአዲስ አበባ ተነስተው የበቅሎ ቅፍለት አስከትለው ወደ ሰሜን ወጡ። ጣናን፣ ጎንደርንና አክሱምን አልፈው ጉዟቸውን በኤርትራ አጠናቀቁ።

በጉዞው ላይ ያዩት ነገር አስደነቃቸው። በሌላ አገር አንድ ማሳ አንድ ዓይነት ስንዴ ይይዛል። በኢትዮጵያ ደጋ ግን በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ነጩ፣ ቀዩና ጥቁሩ፣ ጢም ያለውና ጢሙ አጭር የሆነው ተቀላቅሎ በቅሎ አገኙ። ጢም የሌለው የማካሮኒ ስንዴ በዓለም ገና አልታየም ነበር። በዘመዳሞች ሕጋቸው መሠረት ሊኖር ይገባዋል ያሉትን ይህን ስንዴ በኢትዮጵያ አገኙት። ጤፍ፣ ኑግ፣ እንሰት፣ ቡናና ጎመንዘርም በዚህ ምድር የበለጸጉ ሰብሎች መሆናቸውን መዘገቡ። በሺህ የሚቆጠር ናሙና ይዘው ተመለሱ፤ በ1931 ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ስንዴዎች ብቻ የሚናገር ሰፊ ጥናት አሳተሙ።

ለእውነት ሲባል አንድ ነገር መታረም አለበት። ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን የሰብሎች መነሻ ከሆኑት የዓለም ማዕከላት አንዷ አድርገው ቆጥረዋል። ለጤፍ፣ ለኑግና ለቡና ይህ ትክክል ነው። ስንዴና ገብስ ግን በመጀመሪያ የለመዱት በመካከለኛው ምሥራቅ እንደሆነ በኋላ የተደረጉ ምርምሮች አረጋግጠዋል። ወደ እኛ ከመጡ በኋላ ግን በሺህ ዓመታት ውስጥ በገበሬው ምርጫና በደጋው አየር የትም የሌለ ዓይነት አፍርተዋል። ከእነዚህ አንዱ ጥቁር ስንዴያችን ነው።

ጥቁሩ ስንዴ ቀለሙን ከየት አመጣ?

ጥቁር ስንዴ እንበለው እንጂ ቀለሙ በብርሃን ሲታይ ሐምራዊ፣ የወይን ጠጅ ዓይነት ነው። ይህ ቀለም ከላይ የተነሳው አንቶሲያኒን ነው። የሚገኘውም በፍሬው ውጨኛ ሽፋን ላይ ነው። ስለዚህ ስንዴው ወፍጮ ገብቶ ነጭ ዱቄት ሲወጣለት ቀለሙ ከፉርሽካው ጋር ተለይቶ ይሄዳል። ቀለሙን ከነንጥረ ነገሩ መመገብ የሚፈልግ ሰው ስንዴውን ከነፉርሽካው ማስፈጨት፣ ወይም ቆሎና ንፍሮ አድርጎ መብላት አለበት ማለት ነው።

ተክሉ ይህን ቀለም የሚሠራው በደረጃ ነው። ጠላ ከጥንስስ ተነስቶ ድፍድፉን አልፎ እንደሚደርስ ሁሉ፣ ተክሉም አንድ መነሻ ንጥረ ነገር ይዞ ኢንዛይም በሚባሉ ሠራተኞች አማካይነት ደረጃ በደረጃ ይለውጠዋል። በእያንዳንዱ ደረጃ የሚሠራውን ኢንዛይም የሚያዘጋጅ አንድ ዘረመል አለ። ከእነዚህ በላይ ደግሞ ሥራውን የሚያዝዙ ዘረመሎች አሉ። የባልትና አዋቂዋ እናት ብቅሉ መቼ እንደሚገባ፣ ጌሾው መቼ እንደሚጨመር እንደምታዝዘው ማለት ነው። አዛዡ ከሌለ ሠራተኞቹ ሁሉ ቢኖሩም ቀለም አይወጣም። የሜንዴል ነጭ አበባ አተር ምሥጢሩ ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 እንደታወቀው በነጩ አተር ውስጥ የተበላሸው ከአዛዦቹ ዘረመሎች አንዱ ነው። በሐምራዊ ስንዴም ፍሬው እንዲቀላ ሁለት ዓይነት አዛዥ ዘረመሎች አብረው መሥራት እንዳለባቸው ተረጋግጧል፤ ከሁለቱ አንደኛው ከአተሩ ዘረመል ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ቫቪሎቭ በዓይናቸው አይተው ሕግ ያወጡለት የዘመዳሞች መመሳሰል ምክንያቱ በከፊል ይህ ሆኖ ተገኘ።

ቀለም ለጌጥ ብቻ የተሰጠ አይደለም። አንቶሲያኒንና ሌሎች ፍላቮኖይዶች ተክሉን ከብርቱ ፀሐይ፣ ከብርድና ከበሽታ ለመጠበቅ ያግዛሉ። በቆላ አካባቢ የሚኖሩ አርሶ አደሮች ይህን ከማንም ቀድመው ያውቃሉ። ታኒን የበዛበትን መራራ ማሽላ ወፍ ይሸሸዋል፤ ነጩን ግን ይወረዋል። ታኒንም ከፍላቮኖይድ ቤተሰብ ነው። ሆኖም ጥቁር ሁሉ አንድ አይደለም። የጥቁር ገብስ ጥቁረት በአብዛኛው ሜላኒን ከሚባል ሌላ ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው፤ ሐምራዊ ገብስ ግን ቀለሙ እንደ ስንዴው አንቶሲያኒን ነው።

መከራና ሞት

ቫቪሎቭ በሥራቸው ጫፍ ላይ በደረሱበት ጊዜ መከራ መጣባቸው። ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል የግብርና ባለሙያ ተነስቶ የሜንዴልን ሳይንስ ሐሰት ነው አለ። ተክልን በአየር ጠባይና በአያያዝ ብቻ በጥቂት ዓመት መለወጥ፣ ምርትንም በአጭር ጊዜ ማብዛት እችላለሁ እያለ ለባለሥልጣናት ቃል ገባ። ስታሊንም የወደደው ይህን ነበር። የቫቪሎቭ መንገድ ረጅም ነው፤ ዘር መሰብሰብ፣ መዝራት፣ ማዳቀል፣ ዓመታት መጠበቅ ይጠይቃል። ሊሴንኮ በ1938 ቀድሞ ቫቪሎቭ ይመሩት የነበረው የግብርና ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። እኛም በሙያችን ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሪፖርት ላይ ያማረ ቁጥር ማሳ ላይ ወጥቶ ካልታየ አገር አይመግብም።

ቫቪሎቭ ከአቋማቸው አልተመለሱም። በነሐሴ ወር 1940 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ዩክሬን ዘር በመሰብሰብ ላይ እንዳሉ ተያዙ። በ1941 ሞት ተፈረደባቸው፤ ኋላ ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ። የታሰሩት ቀድሞ መምህር ሆነው ሕጋቸውን ባቀረቡባት በሳራቶቭ ከተማ ነበር። በእስር ቤት ሳሉም ስለ ዓለም እርሻ ታሪክ ይጽፉ፣ ለእስረኞችም ያስተምሩ ነበር። ጽሑፉ ጠፍቷል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ረሃብን ለማስቀረት የደከሙት ሰው በጥር ወር 1943 እ.ኤ.አ. በዚያው እስር ቤት በረሃብ ተጎድተው በ55 ዓመታቸው አረፉ። በ1955 ከተከሰሱበት ወንጀል ነፃ መሆናቸው ተገለጸ። አገራቸው ግን የሊሴንኮ ተጽዕኖ እስካበቃበት እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ በዘረመል ሳይንስ ወደ ኋላ ቀርታ ቆየች።

ዘሩን ያልበሉት ጠባቂዎች

ቫቪሎቭ በእስር ላይ ሳሉ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከበበች። ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 በቆየው ከበባ ብዙ መቶ ሺህ ሰው በረሃብ አለቀ። የተቋሙ ሠራተኞች በዚያ ጨለማና ብርድ ውስጥ ሆነው በጆንያና በሣጥን የተቀመጠውን ስንዴ፣ ሩዝ፣ ባቄላና ድንች ይጠብቁ ነበር። የሩዝ ዘር ኃላፊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ ብዙ ሺህ የሩዝ ናሙና በእጃቸው ሳለ በረሃብ ሞቱ። የኦቾሎኒ ዘር ኃላፊው አሌክሳንደር ሽቹኪንም በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ እንዳሉ አረፉ። ሌሎችም እንዲሁ አለፉ። ዘሩ ግን አልተበላም። ከኢትዮጵያ ገበሬ እጅ የተወሰደው ዘርም የዚያ ክምችት ክፍል ነበር።

ይህ ታሪክ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በክፉ ቀን ልጆቿ እየራባቸው ለዘር ያስቀመጠችውን ከማጀት አውጥታ ያልፈጨች እናት በየመንደራችን ነበረች። ሌኒንግራድ ላይ በሳይንቲስቶች እጅ የተፈጸመው በእኛ አገር በገበሬ ቤት ሲፈጸም የኖረ ነው። ልዩነቱ የእኛዎቹ ስማቸው አለመመዝገቡ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነው

አሁን ወደ ልውጥ ዘር ጥያቄ እንመለስ። በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ማዳቀል ማለት የአንዱን ተክል ወንዴ ዘር በሌላው ላይ አድርጎ የሁለቱን ባሕርይ በአንድ ማምጣት ነው። ዛሬ እንደ ካናዳና ኒውዚላንድ ባሉ አገሮች የሚመረቱት ሐምራዊ የዳቦ ስንዴዎች የተገኙት በማዳቀል ነው። በውጨኛው ሽፋን ላይ ያለው የዚህ ሐምራዊ ቀለም ምንጭ ሆኖ የሚጠቀሰውም የኢትዮጵያ ስንዴ ነው። የዘረመል ምህንድስና ግን ዘረመሉን ብቻ ነቅሶ አውጥቶ ዝምድና ወደሌለው ተክል ማስገባት ነው።

ይህ ምህንድስና ቀድሞ ከተሞከረባቸው ባሕርያት አንዱ ቀለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 በጀርመን አገር ከበቆሎ የተወሰደ አንድ ዘረመል ፔቱኒያ ወደሚባል አበባ ገብቶ አበባው ከዚያ በፊት በዓይነቱ ያልታየ የሸክላ ቀለም አወጣ። ቀለም ግን ሁልጊዜ የታዘዘውን አይፈጽምም። በ1990 አሜሪካ ውስጥ ሐምራዊውን ፔቱኒያ ይበልጥ ለማጥቆር ተጨማሪ ዘረመል ሲገባበት አንዳንዱ አበባ ጭራሽ ነጭ ሆኖ ወጣ። ተክሉ ትርፍ ዘረመል ሲያይ የራሱንም ጨምሮ ዝም እንደሚያሰኝ ከዚህ ታወቀ።

በ2008 ደግሞ ሐምራዊ ቲማቲም ተሠራ። ተራ ቲማቲም አንቶሲያኒን የሚሠሩትን ዘረመሎች ይዟል፤ በፍሬው ውስጥ የሚያዝዛቸው ግን የለም። ተመራማሪዎቹ ሁለት አዛዥ ዘረመሎች ከሌላ ተክል አምጥተው ሲያስገቡበት ፍሬው እስከ ውስጡ ሐምራዊ ሆነ። ለካንሰር ተጋላጭ ተደርገው በተራቡ አይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ መደበኛውን ምግብ ብቻ የተመገቡት በአማካይ 142 ቀን ሲኖሩ ሐምራዊውን የተመገቡት 182 ቀን ኖረዋል። ይህ የአይጥ ውጤት ስለሆነ ሰውን ከበሽታ ያድናል ተብሎ ሊነገር አይገባም። ቲማቲሙ በአሜሪካ በ2022 ተፈቅዶ ከ2024 ጀምሮ ዘሩ ለጓሮ አትክልተኞች መሸጥ ጀምሯል።

ከላይ እንዲያዝልኝ የጠየቅሁት ነገር እዚህ ላይ ይገናኛል። አዛዦቹ ዘረመሎች የመጡት ሙርየል ዊልዴል ካጠኑት ከዚያው ከአንቲሪነም አበባ ነው። ሥራው የተሠራውም ቫቪሎቭ በተማሩበት፣ ዛሬ ኖሪች በሚባል ከተማ በሚገኘው በጆን ኢንስ ማዕከል ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ከነዝርያው የተጠናና የተጠበቀ የአበባ ዘር ባይኖር ሐምራዊው ቲማቲም ባልተሠራ ነበር። የዘረመል መሐንዲስ ዘረመልን ያዛውራል፣ ያስተካክላል፤ መነሻውን ግን ከአንድ ሰው ጎተራ ማግኘት አለበት።

ለዩኒየናችንና ለአባላቱ

በአገራችን የዘር ክምችት ሥራ በ1968 ዓ.ም. ከጀርመን መንግሥት በተገኘ እርዳታ ተጀመረ። ያኔ የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል ተብሎ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ማዕከሉን ለረጅም ጊዜ የመሩት ዶ/ር መላኩ ወረደ የገበሬውን ዘር በገበሬው ማሳ ላይ የመጠበቅ ሥራ በማስፋፋታቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

ሕግም ወጥቷል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ማንም ሰው የዘረመል ሀብታችንን ለምርምርም ሆነ ለንግድ ሲወስድ ፈቃድ እንዲጠይቅና ማኅበረሰቡ ከጥቅሙ እንዲካፈል ያዛል። ልውጥ ሕያዋንን የሚመለከተው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። በ2010 ዓ.ም. ተባይ የሚቋቋም ልውጥ ጥጥ እንዲመረት ተፈቅዷል። ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ ግን በጤፍ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ስምምነት ተፈርሞ አገራችን የጠበቀችውን ጥቅም አላገኘችም። በጤፍ ዱቄት ላይ የተያዘው የባለቤትነት መብት በሆላንድ ፍርድ ቤት ዋጋ ያጣው በ2018 ነው።

ወደ ራሳችን ስንመጣ ነገሩ አሳሳቢ ነው። ከአስኮ ተነስቶ በአምቦ መንገድ ወደ ሆለታ የሚወጣ ሰው ትናንት ማሳ የነበረው ዛሬ መንደርና መጋዘን ሆኖ ያያል። ከተማ ማደጉ አይቀርም። ነገር ግን ማሳው ሲሄድ በላዩ ይዘራ የነበረው የአካባቢ ዘር ማንም ሳይቆጥረው አብሮ ይሄዳል። ማሳው ባለበትም ቢሆን የዱቄት ገበያው አንድ ወጥ ነጭ ስንዴ ስለሚፈልግ ጥቁር ፍሬ የተቀላቀለበት ስንዴ ዋጋው ይወርዳል። አርሶ አደሩ ምርጥ ዘር መዝራቱ ተገቢ ነው፤ በሄክታር የሚያስገኘው ምርት ልዩነት ይታወቃል። ጥቁሩን ስንዴና ጥቁሩን ገብስ ግን ለጠላ የምትፈልጋቸው እናት ብቻ በጓሮ ይዛቸው ቀርታለች። እሷ የተወች ቀን ያልቃሉ። ያለቀን ዘር ደግሞ የትኛውም መሐንዲስ መልሶ አይሠራውም።

በመሆኑም የሚከተሉትን ሐሳቦች ለአመራሩና ለአባላት አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር በክልሉ ያሉትን የቆዩ የስንዴ፣ የገብስና የባቄላ ዓይነቶች ከነአካባቢ ስማቸውና ከያዛቸው አባል ስም ጋር ይመዝግብ። ሁለተኛ፣ ከየዓይነቱ ጥቂት ኪሎ በዩኒየኑ መጋዘን በደረቅ ቦታ ለብቻ ይቀመጥ፤ የመብቀል ኃይሉ እንዳይደክም በየጥቂት ዓመቱ ፈቃደኛ በሆነ አባል ማሳ ላይ እየተዘራ ይታደስ፤ ናሙናም ለብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይላክ። ሦስተኛ፣ በርክክብ ጊዜ ጥቁር ስንዴ ለብቻው ተለቅሞ ለሚያመጣ አባል የተለየ መደብና ዋጋ ይሰጠው፤ ከነፉርሽካው ተፈጭቶ ለዳቦ ቤቶችና ለቆሎ ነጋዴዎች የሚቀርብበት መንገድ ይጠና። አራተኛ፣ ዘር ለመሰብሰብ የሚመጣ ማንኛውም እንግዳ፣ የውጭም ሆነ የአገር ውስጥ፣ በክብር ይስተናገድ፤ ዘሩን ከመስጠት በፊት ግን የፈቃድ ወረቀቱ ይታይ።

ቫቪሎቭ ከእኛ የወሰዱትን ዘር ሰዎቻቸው ሕይወታቸውን ሰጥተው ጠብቀውታል። ከእኛ የሚጠበቀው የዚህን ያህል ከባድ አይደለም። አንድ መደርደሪያ፣ አንድ መዝገብና ጥቂት ጥማድ መሬት ነው። በሚቀጥለው የመኸር ወቅት ሥራው እንዲጀመር የአስኮና አካባቢው የልማት ሠራተኞች ምዝገባውን ለማገዝ ዝግጁ መሆናችንን እገልጻለሁ።